ወርቹን ወይስ ሳንባውን? ነጭ ጅራት ዋላ፣ የመዳብ አረርና የ17 መልሶች ክር

ክሩን፣ ማለትም አዳኞች በበይነ መረብ የተመላለሱበትን ውይይት፣ የከፈተው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነጭ ጅራት ዋላ የሚያድን ሰው ነው። ጥያቄው ይህ ነበር፦ በ.308 ዊንቸስተር (የጠመንጃ ጥይት ዓይነት ነው)፣ 150 ግሬን (10 ግራም ገደማ) በሚመዝን ሙሉ መዳብ አረር፣ 80 ያርድ (73 ሜትር ገደማ) ላይ ጎኑን ሰጥቶ የቆመ ዋላ ሳንባው ላይ ከተመታ በኋላ ለምን ይሮጣል? መልሱን ሳይጠብቅ ግን ሁለት ነገር ደምድሟል። አንደኛ፣ መዳብ ለዋላ ይጠነክራል። ሁለተኛ፣ በትንሽ መሬት የሚያድን ሰው ሳንባን ትቶ ወርቹን ከፍ አድርጎ መምታት አለበት፤ ምክንያቱም 60 ያርድ የሮጠ ዋላ የሚወድቀው የጎረቤት አጥር ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይገባም።

ቃላቱ እንዳይምታቱ፦ በዚህ ክር ጥይት የሚባለው ቀለሁ፣ ባሩዱና አረሩ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። አረር ከአፈሙዝ የሚወጣው ብቻ ነው። ወርች ደግሞ ሥጋ ቤት እንደምናውቀው የፊት እግሩ ከነትከሻው ነው።

1ኛው መልስ ጠያቂውን ‹እርስዎ› እያለ በትሕትና ነው የጀመረው። ሳንባው የተመታ ዋላ መሮጡ የአረር ጉድለት አይደለም ይላል። ደሙ ቢፈስም አንጎሉ ውስጥ የቀረው ኦክስጅን ለ10 ሰከንድ ያህል በእግሩ ያቆየዋል፤ የደነገጠ ዋላ በ10 ሰከንድ 100 ያርድ መሄድ አያቅተውም። ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ የተደረገውን የታወቀ ጥናት ጠቅሷል፦ ልቡን የተመታ ዋላ በአማካይ 39 ያርድ፣ ሳንባውን የተመታ 50 ያርድ፣ ሆዱን የተመታ 69 ያርድ ሲሄድ፣ ወርቹን የተመታ ግን 3 ያርድ ብቻ ነው የሄደው። ስለዚህ የጠያቂው ሒሳብ ስለ ወርች ትክክል ነው፤ ስለ መዳብ ያለው ነው የሚያጠያይቀው።

2ኛው ተስማምቶ፣ 3 ያርድ የተባለው ከየት እንደሚመጣ አብራራ። ዋላውን ባለበት የሚጥለው የወርቹ ሥጋ ወይም አጥንት መሰበር ብቻ አይደለም። ከትከሻው በላይ አከርካሪው አለ፤ ከሥሩም ለፊት እግሮች የሚሄደው የነርቭ እሽግ ያልፋል። አረሩ እዚያ ሲደርስ የፊቱ ክፍል በአንድ ጊዜ ይከዳዋል። ቦታው የፊት እግሩን መስመር ይዞ ወደ ላይ ሲወጣ ከጀርባው ጫፍ አንድ ሦስተኛ ዝቅ ብሎ ነው። ከዚያ ትንሽ ከፍ ካለ ግን አረሩ የሚነካው ከአከርካሪው ወደ ላይ የቆሙትን ረጃጅም የአጥንት ሾሎች ብቻ ነው። ዋላው እንደ ድንጋይ ይወድቃል፣ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ይነሣል፣ ከዚያም አይገኝም። ስለዚህ ባለበት የወደቀ ዋላ ሲታይ መጀመሪያ የሚደረገው ሁለተኛ ጥይት አጉርሶ ዓይንን ከመነጽሩ ሳያነሡ መጠበቅ ነው። ከክሩ ሁሉ ይህን ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ቢኖር እንኳ አተረፈ እላለሁ።

3ኛው በአከርካሪውና በሳንባው መካከል ባዶ ቦታ አለ፣ አረር በዚያ አልፎ ምንም ሳይነካ ይወጣል አለ። ብዙ አዳኝ የሚያምነው ነገር ነው።

4ኛው ግን አልታገሠም። ‹እርስዎ› ማለቱ እዚህ ላይ ቀረ። ዋላ አርዶ ጎድኑን የከፈተ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይጽፍም ብሎ ጀመረ። ‹ያየሁት ሥጋ ይመስክር› የሚል ዓይነት ቁጣ ነው፤ የሰጠው ማብራሪያ ግን ትክክል ነው። ሳንባ በሕይወት ሳለ አየር ሞልቶት ከአከርካሪው ሥር ተለጥፎ ይቀመጣል፤ ባዶ የሚመስለው እንስሳው ሞቶ ሳንባው ሲኮማተር ነው። ሰዎችን የሚያሳስተው አከርካሪው የሚያልፍበት ከፍታ ነው፤ ከትከሻው ላይ ወደ ታች ይጎብጣል፣ ከላዩ ያለው ሽንጥና የአጥንቱ ሾል ነው። ባዶ ቦታ ላይ መታሁ የሚል ሰው የመታው ከአከርካሪው በላይ ነው፤ ሥጋ ቀዶ አለፈ፣ ዋላውም ሄደ።

5ኛው ስለ አረር ረጅሙን መልስ ጻፈ፤ የክሩ ወፍራም ክፍል ይህና ቀጣዩ ነው። አረር ሲመታ ሁለት ሥራ አለበት፤ መከፈትና ሰርጎ መግባት። አንዱ ሲበዛ ሌላው ይቀንሳል፤ የአረር ሠሪዎች ሥራ ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል መደራደር ነው። የተለመደው በመዳብ ልባስ ውስጥ እርሳስ ተሞልቶ አፍንጫው ላይ እርሳሱ የተገለጠው ነው። ከ1939 (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጆች ናቸው) ጀምሮ የሚሸጠው የሬሚንግተን ኮር-ሎክት የዚህ ቤተሰብ ነው፤ ልባሱ ወደ መካከሉ ሲደርስ ስለሚወፍር አከፋፈቱ እዚያ ላይ ይገታል። እንዲህ ያለ አረር ከዋላ ውስጥ ሲገኝ እንደ እንጉዳይ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ጠርዙ ላይ ልባሱ ተቀዶ ወደ ኋላ ተጠቅልሎ፣ ከክብደቱ ግማሹ ወይም ሁለት ሦስተኛው ቀርቶ ነው። የጠፋው እርሳስ ሳንባው ውስጥ ተበትኗል፤ ሳንባ ላይ ቶሎ የሚገድለውም ለዚህ ነው።

የሚከሽፍበትም አለ። ከ.308 በሚበረታው በ.300 ዊንቸስተር ማግነም ጥይት 2960 ጫማ በሰከንድ የሚወጣ 180 ግሬን ለስላሳ አረር በ30 ያርድ ላይ ከወርቹ አጥንት ጋር ሲጋጠም ገና ከላይ ሊበተን ይችላል፤ ውጭ ሲታይ የሚያስደነግጥ ቁስል ይሆናል፣ ሳንባው ግን አልተነካም። ብዙ ሰው ሩቅ ርቀት አረርን ይፈትናል ብሎ ያስባል፤ አረርን ከሁሉ በላይ የሚፈትነው ግን ቅርብ ርቀትና አጥንት ነው። አረር ሠሪው ጆን ኖስለር በ1946 ካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ‹ሙስ› የተባለውን ግዙፍ ዋላ ሲያድን አረሩ ከሽፎበት ነው መካከሉ ላይ የመዳብ ግድግዳ ያለውን ‹ፓርቲሽን› የተባለ አረር የሠራው፤ የፊቱ ይከፈታል፣ ከግድግዳው ጀርባ ያለው ሳይበተን ይቀጥላል። እርሳሱ ከልባሱ ጋር የተጣበቀው ዓይነትም ለዚሁ ችግር የተገኘ መፍትሔ ነው።

6ኛው የጠያቂውን ጥያቄ በቀጥታ ይዞ መጣ። መዳብ ይጠነክራል የሚለው ግማሽ እውነት ነው ይላል። ሙሉ መዳብ አረር አፍንጫው ላይ ጉድጓድ አለው። ጉድጓዱን የሚከፍተው ከሥጋው ውስጥ የሚገባበት እርጥበት የሚፈጥረው ግፊት ነው፤ ያኔ አፍንጫው ተሰንጥቆ እንደ አበባ ቅጠል በአራት ወይም በስድስት ይከፈታል። ከጎድን በስተጀርባ ያለው ሳንባ ግን አብዛኛው አየር ነው፤ ቀጭን ጎድን አልፎ አየር ውስጥ የገባ አረር ብዙ የሚገፋው ነገር የለም። ይወጣል፣ ክብደቱም ከመቶ 95 በላይ አብሮት ይወጣል፣ የተወው ቀዳዳ ግን ጠባብ ነው። እንግዲህ ጠያቂው የገለጸው ሁኔታ አረሩ የተሠራበትን በትክክል መሥራቱ ነው፤ የተሳሳተው አረሩና የተመታው ቦታ አለመገጣጠማቸው ነው። መዳብ የያዘ ሰው ነጥቡን ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት አምጥቶ ወርቹ ላይ ያድርግ፤ አጥንቱ አረሩን ይከፍተዋል፣ አረሩም ሳይበተን ሁለቱንም ትከሻ ይሻገራል። ለስላሳ እርሳስ የያዘ ሰው ግን ከወርቹ ጀርባ ቢቆይ ይሻለዋል።

በክሩ ውስጥ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም። አረርና ቦታን ለየብቻ አድርጎ መከራከር ከንቱ ነው፤ አንዱን ሳይነግሩ ሌላውን መጠየቅ አይቻልም።

6ኛው ሁለት ተግባራዊ ነገርም ጨመረ። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል ክብደቱ እኩል የሆነ የመዳብ አረር ይረዝማል፤ ስለዚህ በእርሳስ 165 ግሬን የሚተኩስ በመዳብ ወደ 150፣ 150 የሚተኩስ ወደ 130 ቢወርድ ፍጥነት ያተርፋል፣ መዳብ ደግሞ ፍጥነት ይወዳል። ሌላው፣ ዓይነት ሲቀየር ጠመንጃው የሚመታበት ቦታ ይቀየራል። አፈሙዙን አጽድቶ፣ 100 ያርድ ላይ ሦስት ሦስት ጥይት ተኩሶ መነጽሩን እንደገና ማስተካከል ግዴታ ነው።

7ኛው ከመንገድ ወጣ። ሁላችሁም ዋላ ትላላችሁ፣ ብዙ ሰው ግን አጋዘን ይላል፣ የቱ ነው ትክክሉ ብሎ ጠየቀ። ራሱም መለሰው፦ አገራችን ውስጥ አጋዘን የሚባለው ቀንዱ የማይረግፍ ነው፤ የአሜሪካው እንስሳ ቀንዱ ቅርንጫፍ አለው፣ በየዓመቱም ይረግፋል። ኢትዮጵያ ውስጥ በተፈጥሮ የሚኖር ዋላ የለም፤ ቃሉ የቀረልን ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው፣ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ከሚበሉት እንስሳት ጋር ይቆጥረዋል።

8ኛው ስለ ቋንቋ ሌላ ክር ክፈት ብሎ በአጭሩ ገሠጸው፤ ቢሆንም ነገሩ ለተኳሽ ጭምር እንደሚጠቅም አልካደም። የአፍሪካ አጋዘኖች ልብና ሳንባ ከዋላ ይልቅ ወደ ፊት የቀረበ ነው፤ በወርቹ መካከል ነው የሚቀመጠው። ዋላ ላይ ከወርች ጀርባ መምታት የለመደ ሰው አጋዘን ላይ እንዲሁ ቢያደርግ ጉበትና ጨጓራ ያገኛል።

9ኛው የፍጥነት ቁጥሮች አመጣ። የ.308 150 ግሬን ኮር-ሎክት ከአፈሙዝ 2820 ጫማ በሰከንድ ይወጣል፤ 100 ያርድ ላይ 2533፣ 200 ላይ 2263፣ 300 ላይ 2009 ይሆናል። ለአብዛኛው የእርሳስ አረር መከፈቻው ወለል 1800 አካባቢ፣ ለብዙ መዳብ ደግሞ ከ1800 እስከ 2000 ነው። ስለዚህ በዚህ ጠመንጃ ከ300 ያርድ በላይ በመዳብ መተኮስ በመጻፊያ እርሳስ ጠባብ ቀዳዳ እንደ መብሳት ነው፤ አረሩ ሳይከፈት ሊያልፍ ይችላል። 30-30 ዊንቸስተር የተባለው ዝግ ያለ ጥይት 200 ያርድ ላይ 1600 ገደማ ይዞ ዋላ የሚገድለው አረሩ ለዚያ ፍጥነት ተብሎ ለስለስ ተደርጎ ስለተሠራ ነው። ሙሉ ልባስ ያለው የጦር አረር፣ የእነ ምንሽር ዓይነት፣ ጭራሽ አይከፈትም፤ በብዙ ግዛቶች ለዋላ የተከለከለውም ለዚህ ነው። .223 የተባለውን ቀጭን ጥይት ለጠየቁ ደግሞ፣ ቨርጂኒያ ለዋላ ከ.23 በታች የሆነ ካሊበር (የአረር ስፋት በኢንች) አትፈቅድም።

10ኛው ሥጋን እንዲመስል በሚሠራ ጄል ላይ የተተኮሰ አረር ፎቶ እያዩ የሚከራከሩትን አስታወሳቸው። የጥይት ቁስልን ያጠናው ሐኪም ማርቲን ፋክለር የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ቤተ ሙከራ ውስጥ የተጠቀመበት ጄል ከመቶ 10 የሆነ፣ በ4 ዲግሪ የተቀመጠ፣ ትንሽ የብረት ኳስ በ590 ጫማ በሰከንድ ተተኩሳ 8.5 ሳንቲ ሜትር መግባቷ የሚፈተሽ ነበር። ያልተለካ ጄል ላይ የተነሣ ፎቶ ምንም አይናገርም። የተለካውም ቢሆን አጥንት የለውም፣ አየር የሞላው ሳንባ የለውም፤ ሁለት አረሮችን ለማወዳደር ነው የሚጠቅመው።

11ኛው ስለ ሰያፍ ነው፤ ለእኔ ከ6ኛው ቀጥሎ የሚነበበው እርሱ ነው። ዓላማው ፀጉሩ ላይ የሚታየው ነጥብ አይደለም፣ አረሩ በሌላው ጎን የሚወጣበት ነው ይላል። ዋላው ፊቱን አዙሮ በሰያፍ ከቆመ፣ መውጫው የማዶው ወርች ላይ እንዲሆን ይታሰብና ወደ ኋላ ይቆጠራል፤ መግቢያው ከመጨረሻዎቹ ጎድኖች አጠገብ ሊሆን ይችላል። በጣም ከዞረ ግን አረሩ ሣር የሞላውን ጨጓራ ማቋረጥ አለበት፤ እርጥብ ፈርስ አረር ያቆማል። ወደ ተኳሹ በሰያፍ ከቆመ ደግሞ አንድ ሳንባና ሆድ ብቻ የመምታት አደጋ ስላለ፣ እስኪዞር መጠበቅ ነው። ማማ ላይ ለሚቀመጡም ሒሳብ ሠርቷል፦ ከ6 ሜትር ከፍታ 15 ሜትር ላይ ለቆመ ዋላ አረሩ 22 ዲግሪ ቁልቁል ይወርዳል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረት ውስጥ ሲያልፍ መውጫው ከመግቢያው 12 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። መሬት ላይ ሆኖ በለመደው ከፍታ የሚተኩስ ሰው ከማማ ላይ የቅርቡን ሳንባ ብቻ ነክቶ በደረቱ ሥር ሊወጣ ይችላል። ልብ ደግሞ በፍሪምባው ላይ፣ በሁለቱ የፊት እግሮች መካከል ዝቅ ብሎ ነው ያለው፤ የቅርቡ እግር ወደ ፊት ሲራመድ ነው የሚገለጠው።

12ኛው ሥጋ እንዳይበላሽ ጭንቅላት ወይም አንገት መምታት ይሻላል አለ። እዚህ ላይ ክሩ ጋለ።

13ኛው የመለሰው በቁጣ ነው፤ ቁጣውንም እጋራዋለሁ። የዋላ አንጎል ከሰው ጡጫ ያነሰ ነው፣ ጭንቅላቱም ከሰውነቱ ሁሉ አብዝቶ የሚንቀሳቀስ ነው። 5 ሳንቲ ሜትር የሳተ አረር መንጋጋውን ይሰብራል፤ ዋላው ሮጦ ያመልጣል፣ ከዚያ መብላትም መጠጣትም ሳይችል ለቀናት ይሠቃያል። የደረቱ ዒላማ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ እዚያ ላይ የሚሳሳት እጅ አንጎል ላይ መተኮስ የለበትም። የሚያተርፉት የአንገት ሥጋም ብዙ አይደለም። 12ኛው ከዚህ በኋላ አልተመለሰም።

14ኛው በእርጋታ ሌላ ምክንያት ጨመረ። የዋላዎችን አንጎል የሚያበላሸው ሲ ደብሊው ዲ የተባለው በሽታ ቨርጂኒያ ውስጥ ከ2009 ጀምሮ አለ። አንጎልና አከርካሪ የበሽታው ማደሪያ ስለሆኑ፣ በሽታው ባለበት አውራጃ እነዚህን በአረር መበተን ሥጋውን መበከል ነው። ከፍ ያለ የወርች ምትም አከርካሪውን ስለሚነካ፣ በዚያ አካባቢ የሚያድን ሰው ዋላውን አስመርምሮ ውጤቱን ይጠብቅ፤ በአረሩ መንገድ ዙሪያ ያለውንም ሥጋ ይጣል።

15ኛው ከተኩስ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው። ዋላው የቆመበትን ቦታ ከማማው ሳይወርዱ በአንድ ዛፍ ምልክት ያዙ፤ ወርደው ሲያዩት ሁሉም ሣር አንድ ይመስላል። አረፋ ያለበት ቀላ ያለ ሮዝ ደም ሳንባ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ጥቁር ቀይ የሆነ ጉበት ነው፤ 4 ሰዓት ይጠበቃል። ፈርስ የተቀላቀለበት፣ አረንጓዴ የሚያሳይና የሚሸት ጨጓራ ወይም አንጀት ነው፤ ቢያንስ 8 ሰዓት፣ ቢቻል እስከ 12። ሆዱን የተመታ ዋላ ጀርባውን አጉብጦ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ካልተባረረ ብዙም ሳይርቅ ይተኛል፣ ቶሎ ከተከተሉት ግን ተነሥቶ ማይሎች ይሄዳል። ነጭ ፀጉር ብቻ ከተገኘ የተነካው ከሆዱ ሥር ነው። ደም ባይታይም ተስፋ አይቆረጥም፤ ከፍ ብሎ ገብቶ ያልወጣ አረር ደሙን ደረቱ ውስጥ ነው የሚያከማቸው፣ ዝቅ ያለ መውጫ ግን እንደ ቧንቧ ያፈሰዋል። የደሙን መስመር በእግር አትርገጡት፣ ከጎኑ ሆናችሁ የመጨረሻውን ጠብታ በወረቀት እያመለከታችሁ ሂዱ። ቨርጂኒያ በማሰሪያ የተያዘ ውሻ ለፍለጋ ትፈቅዳለች።

16ኛው ወደ ወጥ ቤት ወሰደን። በ2008 ኖርዝ ዳኮታ ለችግረኞች የተለገሰ የተፈጨ የዋላ ሥጋ ውስጥ የእርሳስ ብናኝ ተገኝቶ እንዳይታደል መደረጉን አስታወሰ። በዚያው ዓመት ሚኒሶታ ውስጥ በተደረገ ጥናት ብናኙ ከቁስሉ 45 ሳንቲ ሜትር ርቆ ተገኝቷል፤ በውኃ ማጠብም ብናኙን ያሰራጨዋል እንጂ አያስወጣውም። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ያለበት ቤት በመዳብ የተገደለ ዋላ ቢበላ ይሻላል። ካሊፎርኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ለማንኛውም አደን እርሳስ ከልክላለች። ከዚያ ስለ ክትፎ ጠየቀ፣ እራሱም በፍጥነት ዘጋው፦ የዋላ ሥጋ ጥሬውን አይበላም፤ ማቀዝቀዣ ሁሉንም ጀርም አይገድልም፣ ሆዱ የተመታ ከሆነ ደግሞ ፈርሱ ሽንጡ ላይ ሳይቀር ይደርሳል። 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ይብሰል። የጠመንጃው ወቅት ቨርጂኒያ ውስጥ በኅዳር መጀመሪያ ነው የሚከፈተው፤ ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል፤ ስለዚህ የሚጾም ሰው ሥጋው እስከ ገና በረዶ ውስጥ እንዲቆይ፣ ቋንጣ የሚያደርገውንም ስቡን ገፎ እንዲያስቀምጥ መከረ። የዋላ ስብ ቶሎ ይሸታል።

17ኛው ጠያቂው ነው። መዳቡን አልተወም፤ ነጥቡን ግን ከወርቹ ጀርባ ወደ ወርቹ መካከል አመጣው፤ ከፍ ያለውን ምት የመረጠበትን ሐሳብ በ2ኛውና በ14ኛው መልስ ምክንያት ጥሎታል። ወቅቱ ሳይከፈት 130 ግሬኑን 100 ያርድ ላይ ሊሞክር፣ መነጽሩንም አረሩ እዚያ ላይ 2 ኢንች ከፍ ብሎ፣ 200 ያርድ ላይ ደግሞ ልክ ነጥቡን እንዲመታ አድርጎ ሊያስተካክል ነው። አንድ የቀረው ጥያቄ ነበረው፦ የማማውን ከፍታ ከ6 ሜትር ወደ 4 ቢያወርድ ሰያፉ ምን ያህል ይቀንሳል? 11ኛው ተመልሶ መለሰለት፤ 15 ሜትር ላይ 15 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፣ መውጫውም 12 ሳንቲ ሜትር መውረዱ ቀርቶ 8 ብቻ ይወርዳል።